ሉዊዝ ደ ማሪያክ፦ የድሆችን ደጅ በእግሯ ያንኳኳች ሴት

ውድ እኅቶች፣ በዚህ ዓምድ ከአገር ውስጥም ከውጭም ለማኅበራችን ትምህርት የሚሆኑ ሴቶችን ታሪክ ስናቀርብ ቆይተናል። የዛሬዋ እንግዳችን ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ በፊት ያረፈች ፈረንሳዊት ናት። ስሟ ሉዊዝ ደ ማሪያክ ይባላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ትጠራታለች፤ ከአባ ቪንሰንት ደ ፖል ጋር ሆና “የፍቅር ልጆች” የሚባለውን የደናግል ማኅበር ያቋቋመች እሷ ናት።

የእኛ ማኅበር አባላት ሃይማኖት ልዩ ልዩ ነው፤ ይህን ያዘጋጀነውም ስለ ሃይማኖት ለመከራከር አይደለም። ሉዊዝ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ጤና የራቃት ሴት ነበረች። እንዲህም ሆና የሴቶች መረዳጃ ማኅበራትን ስታደራጅ፣ ሒሳብ ስትመረምር፣ የተኳረፉ አባላትን ስታስታርቅ ኖራለች። ስለዚህ ታሪኳ ለእኛ ሩቅ ሆኖ አልታየንም። “እሷ” እያልን የምንጽፈውም ንቀናት ሳይሆን እንደ እኅታችን ስላየናት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እናቷን ያላወቀች ልጅ

ሉዊዝ የተወለደችው ኦገስት 12 ቀን 1591 ነው። አባቷ ከታላቅ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር፤ እናቷ ግን ሚስቱ አልነበረችም። ማን እንደነበረችም እስከ ዛሬ አይታወቅም። አባቷ ልጄ ናት ብሎ ተቀበላት፤ የምትተዳደርበትም ገንዘብ መደበላት። ሌላ ሚስት ሲያገባ ግን ሕፃኗ ፖይሲ በሚባል ቦታ በሚገኝ የሴቶች ገዳም እንድታድግ ተደረገ። እዚያ ዘመድ የሆነች መነኩሲት ስለነበረች ማንበብና መጻፍ፣ ላቲንና ሥዕል ተማረች። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

በኋላ ግን ከገዳሙ ወጥታ ፓሪስ ውስጥ አንዲት ኑሮ ያልሞላላት መንፈሳዊ ሴት ዘንድ ተቀመጠች። ያቺ ሴት ልጃገረዶችን እያስቀመጠች የቤት አያያዝ ታስተምር ነበር። ሉዊዝ እዚያ ወጥ መሥራቱን፣ መስፋቱን፣ ቤት ማስተዳደሩን ለመደች። የቤቱ ገቢ ማነሱን ባየች ጊዜ ከነጋዴዎች የእጅ ሥራ ተቀብለን እየሠራን ወጪውን እንደግፍ የሚል ሐሳብ አመጣች፤ ጓደኞቿንም አስተባበረች ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷ ሞተ።

ፍላጎቷ መመንኰስ ነበር። ካፑቺን የሚባሉትን፣ ኑሯቸው እጅግ ጥብቅ የሆነ መነኮሳይያት ለመቀላቀል ጠየቀች። ጤናሽ አይችለውም ተብላ ተመለሰች።

ጋብቻና ሐዘን

ዘመዶቿ ዳሯት። በ1613 አንቷን ለ ግራ የተባለ የንግሥት ማሪ ደ ሜዲቺ ጸሐፊ አገባች፤ በዚያው ዓመት ሚሼል የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ከመኳንንት ወገን ስላልነበረ “ማዳም” አትባልም ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ “ማድሞዋዜል ለ ግራ” እየተባለች ተጠርታለች።

የደስታው ዘመን አልቆየም። አንቷን በጽኑ ታመመ፤ ሕመሙም ጠባዩን ለወጠው፤ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ሆነ። ሉዊዝ ሌት ተቀን አስታመመችው። በልቧ ግን ሌላ ሕመም ነበረባት፦ ለመመንኰስ ቃል ገብቼ ባለማድረጌ እግዚአብሔር እየቀጣኝ ነው ብላ ታምን ነበር። ብዙዎቻችን በቤታችን መከራ ሲደርስ ጥፋቱን ወደ ራሳችን እንደምናዞረው ማለት ነው።

በ1623 በጰራቅሊጦስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትጸልይ ሐሳቧ ተረጋጋ። ከባሏ ጋር መቆየት እንዳለባት ገባት። ደግሞም አንድ ቀን ሰውን ለማገልገል ከተሰባሰቡ ሴቶች ጋር እንደምትኖር ታያት። አንድ ነገር ግን አልገባትም፤ እነዚያ ሴቶች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በዚያን ጊዜ መነኩሲት ከገዳም ግንብ አትወጣም። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ይዛው ኖረች።

አንቷን በዲሴምበር 1625 አረፈ። ሉዊዝ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ ልጇም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ገንዘቡ ስላነሰ ከነበረችበት ወጥታ ወደ አነስተኛ ቤት ገባች። የነፍስ አባት ሆነው የሚመክሯት ከገበሬ ቤት የተወለዱት ካህን አባ ቪንሰንት ደ ፖል ነበሩ።

የተትረፈረፈ ምግብ፣ ማግስቱን የሚራብ ቤት

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1617 አባ ቪንሰንት ሻቲዮን በሚባል ትንሽ ከተማ ቄስ ነበሩ። አንድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቤት ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ የሚያነሣቸው ሰው እንደሌለ ሰሙ፤ በስብከታቸውም ለሕዝቡ ተናገሩ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ሊጠይቁ ሲሄዱ መንገዱ በሴቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም ምግብ ተሸክመው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ።

አባ ቪንሰንት ደስ ቢላቸውም አሰቡ። ይህ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ምን ይሆናል? የሚበላው ተበልቶ የቀረው ይበላሻል፤ በሳምንቱ ደግሞ ቤተሰቡ እንደገና ይራባል። የጎደለው ደግነት ሳይሆን ሥርዓት ነበር። ሴቶቹን ሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ፤ ለየቀኑ ተረኛ ተመደበ። ደንቡም ተጻፈ።

ደንቡን ያነበበ ሰው ይገረማል። ተረኛዋ ምሳውን አዘጋጅታ ስትደርስ በሽተኛውን በደስታ ሰላም ትለዋለች፤ አልጋው ላይ ገበታውን ታስተካክላለች፤ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ እንዲበላ በፍቅር ታግባባዋለች። ከዚያም አንድ ትእዛዝ አለ፦ መጀመሪያ አስታማሚ ያለውን ጎብኝታ፣ ብቻውን ያለውን መጨረሻ ላይ ታደርጋለች፤ አብራው ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቆይ ነው። የዕድር ደንብ የምናወጣ ሴቶች እንዲህ ያለውን ነገር በደንባችን ውስጥ ጽፈን እናውቃለን?

በሰረገላ ከመንደር መንደር

ማኅበራቱ በየገጠሩ በዙ። ሲበዙ ግን አንዳንዱ ይዳከማል፣ ሌላው በጭቅጭቅ ይከፈላል፣ ሌላው ገንዘቡን በአግባቡ አይዝም። የሚጎበኛቸውና የሚያበረታቸው ሰው አስፈለገ። በ1629 አባ ቪንሰንት ሉዊዝን ላኳት።

ያቺ በሽታ የማይለያት ሴት በሕዝብ ሰረገላ ተሳፍራ፣ የመንገዷን ወጪ ከራሷ እየከፈለች፣ ልብስና መድኃኒት ይዛ ከመንደር መንደር ዞረች። በየደረሰችበት አባላቱን ትሰበስባለች፤ ሒሳቡን ታያለች፤ በሽተኞቹን ራሷ ትጠይቃለች፤ ሴት ልጆች ፊደል የሚማሩበት ከሌለ አስተማሪ ትፈልጋለች ወይም ራሷ ታስተምራለች። ያየችውንም እየጻፈች ለአባ ቪንሰንት ታቀርባለች።

በአንዳንድ ቦታ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት የሚያስተዳድሩት ማኅበር ተሞክሮ ነበር። ወንዶቹ ሁሉን ነገር በእጃቸው ለማድረግ ፈለጉ፤ ሴቶቹ እምቢ አሉ፤ መግባባት ጠፋ። በመጨረሻ አባ ቪንሰንት የወንዶቹን አስተዳደር አስቀርተው ሥራውን ለሴቶቹ ተዉት። ሴቶቹም ገንዘቡን በጥንቃቄና በታማኝነት እንደያዙ መስክረውላቸዋል።

እመቤቶቹ ገረዶቻቸውን ሲልኩ

ፓሪስ ላይ ግን ችግር መጣ። የገጠሮቹ ሴቶች ድስታቸውን ራሳቸው ተሸክመው ነበር የሚሄዱት። የፓሪስ አባላት ደግሞ የትልልቅ ሰዎች ሚስቶች ነበሩ። ገንዘብ በመስጠት አልሰነፉም። ነገር ግን ጭቃ ባለበት ሰፈር ሾርባ ተሸክሞ መሄድ፣ ጨለማ ደረጃ መውጣት፣ የቆሰለ ማጠብ ለክብራቸው አልተስማማም፤ አንዳንዶቹንም ባሎቻቸው በበሽታ ፍርሃት ከለከሏቸው። ስለዚህ ገረዶቻቸውን መላክ ጀመሩ። ገረዶቹ ደግሞ ታዘው የሚሄዱ እንጂ ወደው የሚሄዱ ስላልነበሩ በሽተኛው የሚደርሰው ሾርባ ብቻ ሆነ።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ከፓሪስ አጠገብ ካለችው ከሱሬን መንደር ማርግሪት ናዞ የምትባል ላም ጠባቂ ነበረች። ትምህርት ቤት አልገባችም። የፊደል መጽሐፍ ገዝታ ላሞቿን እየጠበቀች፣ በመንገድ የሚያልፈውን የተማረ ሰው ሁሉ ይህ ምን ይባላል እያለች ማንበብ ለመደች። ከዚያም የመንደር ልጃገረዶችን አስተማረች። በ1630 የድሆችን በሽተኞች ማገልገል እፈልጋለሁ ብላ ወደ አባ ቪንሰንት መጣች፤ ፓሪስ ውስጥ ተመደበች። እሷን አይተው ሌሎች የገጠር ልጃገረዶች ተከተሉ።

ማርግሪት በ1633 መጀመሪያ ሞተች። በቸነፈር የታመመችን አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ አስተኝታ በሽታው ያዛት። የፍቅር ልጆች እስከ ዛሬ የመጀመሪያዋ እኅታችን እሷ ናት ይላሉ፤ ማኅበሩ ሲመሠረት ግን በሕይወት አልነበረችም።

ማኅበሩ የተመሠረተው ኖቬምበር 29 ቀን 1633 ነው። በዚያ ዕለት ሉዊዝ ጥቂት የገጠር ልጃገረዶችን በቤቷ ተቀበለች። ባላባቷ ሴት ከላም ጠባቂዎችና ከገበሬ ልጆች ጋር አንድ ገበታ ቀረበች። ማንበብ፣ መድኃኒት ማዘጋጀት፣ ቁስል ማሰር፣ መጸለይ አስተማረቻቸው።

ግንብ የሌለው ማኅበር

ያኔ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መሐላ የፈጸመች መነኩሲት ከገዳሟ እንዳትወጣ ያዝዝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1610 አኔሲ በተባለ ከተማ የተመሠረተ ሌላ የሴቶች ማኅበር በሽተኞችን በየቤቱ መጠየቅ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ግን በግንብ ውስጥ እንዲዘጋ ተደረገ። ሉዊዝና አባ ቪንሰንት ይህን ያውቁ ነበር። ልጃገረዶቹ መነኮሳይያት ከተባሉ በሩ ይዘጋባቸዋል፤ ድሆቹም ጠያቂ ያጣሉ።

ስለዚህ በዘዴ ሄዱ። ቤታቸውን ገዳም አላሉትም። የተለየ የመነኩሲት ልብስ አላደረጉም፤ የፓሪስ አካባቢ ገበሬ ሴቶች የሚለብሱትን ግራጫ ቀሚስ ለበሱ፤ ሕዝቡም “ግራጫዎቹ እኅቶች” አላቸው። የሚጸልዩት ከሕዝቡ ጋር በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው። የየቤቱ ኃላፊ እመ ምኔት ሳትሆን “አገልጋይ እኅት” ተባለች። ማርች 25 ቀን 1642 ሉዊዝና አራት እኅቶች በድኽነት፣ በንጽሕናና በታዛዥነት ለመኖር፣ ድሆችንም ለማገልገል ቃል ገቡ። ከጊዜ በኋላ ቃሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ማኅበሩን የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ በ1646 ሲያጸድቁ አስተዳደሩ በጳጳሱ ሥር ሆነ። ሉዊዝ ይህን አልወደደችም። እያንዳንዱ ጳጳስ በየሀገረ ስብከቱ እንደፈለገ ቢያዝበት ማኅበሩ ይበታተናል፤ ለድሆች አገልግሎት መቆሙም ይረሳል ብላ ሰጋች። ዓመታት ቢፈጅም በሐሳቧ ጸናች። በ1655 እንደገና ሲጸድቅ አመራሩ ለአባ ቪንሰንትና ለተተኪዎቻቸው ተሰጠ።

የዕለት ኑሯቸው

እኅቶቹ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣሉ። ጸሎት ያደርሳሉ፤ ከዚያ ወደ ሥራ ነው። በየአጥቢያው ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይኖራሉ። ሾርባና ሥጋ ይቀቅላሉ፤ ትልቁን ድስት ተሸክመው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ሐኪም ሲያዝ በዘመኑ ልማድ ደም ይቀዳሉ፤ አልጋ ያነጥፋሉ። ድሃ ሴት ልጆችንም ያስተምራሉ። ሲመሽ አብረው ጸልየው በሦስት ሰዓት ይተኛሉ። ጸሎት ላይ ሳሉ በሽተኛ ከጠራቸው ጸሎቱን ትተው እንዲሄዱ ተምረዋል።

ለማን እንደቆሙ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የካርዲናል ሪሽልዩ የእኅት ልጅ የሆነች መስፍን ከእኅቶቹ አንዷ በቤተ መንግሥቷ እንድታገለግላት ጠየቀች። ባርብ አንጂቡ የተባለች የገጠር ልጅ ተላከች። ባርብ የቤቱን ድሎት አይታ አለቀሰች፤ አባትና እናቴን የተውኩት ድሆችን ለማገልገል ነው፤ እመቤቲቱ ድሃ ብትሆን ኖሮ አገለግላት ነበር አለች። መስፍኗም ተረድታ መለሰቻት።

ሥራው ሰፋ። በ1638 ተጥለው የሚገኙ ሕፃናትን መቀበል ጀመሩ። ከዚያ በፊት ከተማው እነዚህን ሕፃናት የሚያስቀምጥበት ቤት ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር፤ አንዳንዶቹም ለለማኞች ይሸጡ ነበር። እናቷን የማታውቀው ሉዊዝ ለእነዚህ ልጆች አጥቢዎችን ፈለገች፤ አስተዳደጋቸውንም በቅርብ ተከታተለች። በአንዤ ከተማ ሆስፒታል ለመጀመር በክረምት ረጅም መንገድ ተጓዘች፤ በ1640 መጀመሪያም ውሉን ፈረመች። እኅቶቿ መርከብ እንዲቀዝፉ የተፈረደባቸውን እስረኞች፣ በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን አገለገሉ፤ በ1652 ሦስቱ እስከ ፖላንድ ሄዱ። በ1653 አርባ አረጋውያን የእጅ ሙያተኞች የሚጦሩበት ቤት ሲከፈት ደግሞ ሉዊዝ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው እንዳይተክዙ እንደ ሸማ ሥራ ያለ የሚችሉት ሥራ እንዲሰጣቸው አደረገች። ሰው የሚረዳው ክብሩን ሳያጣ መሆን አለበት ብላ ነው።

ጭንቀቷና ዕረፍቷ

ይህን ያህል የሠራች ሴት ሐዘን አልነበረባትም እንዳትሉ። ከአባቷ ወገን ታላላቅ ባለሥልጣናት የነበሩ ሁለት አጎቶቿ ከመንግሥት ተጣልተው አንዱ በ1632 አንገቱ ተቆረጠ፤ ሌላው በዚያው ዓመት በእስር ሞተ። ልጇ ሚሼልም ዕረፍት ነሣት። ቄስ እሆናለሁ ብሎ ጀምሮ ተወ፤ ለዓመታት ቁም ነገር አልይዝ አለ፤ የት እንዳለ የጠፋባት ጊዜም ነበር። አባ ቪንሰንት ስለ ልጁ ከልክ በላይ መጨነቋን እንድትቀንስ ደጋግመው መክረዋታል። በመጨረሻ በ1650 ሚስት አግብቶ ተቀመጠ፤ ሉዊዝም የልጅ ልጅ አየች።

በ1660 መጀመሪያ ታማ ተኛች። አባ ቪንሰንትም አርጅተው ከአልጋ መነሣት ስላቃታቸው ሊጠይቋት አልቻሉም። በእጅ ጽሑፋቸው ጥቂት ቃል እንዲልኩላት ጠየቀች፤ እሳቸው ግን ደብዳቤ አልጻፉም፤ እሷ ቀድማ እንደምትሄድና እሳቸው እንደሚከተሏት በሰው ላኩባት። ልጇ ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ መጥቶ ተሰናበታት። እኅቶቿን ደግሞ ድሆችን በደንብ እንዲያገለግሉ፣ እርስ በርስም እንዲዋደዱ አደራ አለቻቸው። ማርች 15 ቀን 1660 አረፈች። አባ ቪንሰንትም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ተከተሏት።

በ1934 ቅድስት ተባለች፤ በ1960 ደግሞ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ጠባቂ ተብላ ተሰየመች። አባ ቪንሰንት ካቋቋሙት የካህናት ማኅበር አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚታወቁት ጣሊያናዊው ዩስቲኖ ደ ያኮቢስ በ1839 ወደ አገራችን መጥተው በትግራይ አስተምረዋል። የፍቅር ልጆችም ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራሉ።

እኛስ?

እኅቶች፣ ይህን ታሪክ ለዚህ እትም የመረጥነው በምክንያት ነው። እንደምታውቁት፣ የታመመች ወይም የወለደች አባል በተራ መጠየቁ ቀርቶ ከሣጥናችን ገንዘብ ይላክላት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት እኅቶች ያለ ምክንያት አይደለም። ታክሲው ውድ ነው፤ ሥራ ይበዛል፤ ልጅ የሚይዝልን የለም። እኛ አዘጋጆቹም በዚህ ላይ ተከራክረናል፤ ገና አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም።

ከሉዊዝ ታሪክ ግን ሁለት ነገር ተረድተናል። አንደኛ፣ ደግነት ያለ ሥርዓት የአንድ ቀን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ተራ በአግባቡ ከተከፋፈለ ማንንም አያደክምም። የሻቲዮን ሴቶች ይህን አድርገውታል። ሁለተኛ፣ የፓሪስ እመቤቶች ገንዘባቸው ሳይጎድል ማኅበራቸው የተዳከመው እግራቸው ሲቀር ነው። በሽተኛዋ የምትጠብቀው ሾርባውን ብቻ አልነበረም።

ምናልባት መካከለኛ መንገድ ይኖራል። ተራው በሰፈር ተከፋፍሎ ቅርብ ያለችው ትሂድ፤ የታክሲው ወጪ ከሣጥን ይሸፈን፤ ሥራ የሚይዛት ደግሞ ቅዳሜ ወይም እሑድ ተራ ትውሰድ። አስታማሚ የሌላት አባል ዘንድ የሚደረገው ጉብኝት ግን በምንም ምክንያት በገንዘብ እንዳይተካ በደንባችን ይጻፍ እንላለን። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሁላችሁም ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።